በእጅ የማይዳሰስ ገበያ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ለሸማች ከዘረዘራቸው መብቶች መካከል ሁለቱ ባነበብኳቸው ቁጥር ፈገግ ያሰኙኛል። አንደኛው፣ ሸማች የዕቃውን ጥራት ስለተመለከተ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ካልገዛህ ተብሎ አይገደድም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሸማች በማንኛውም ነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፈገግ የምለው በሕጉ ለማላገጥ አይደለም። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ስለሚያስታውቅ ነው። ድንች አገላብጦ፣ ዋጋ ጠርቶ፣ ሳይገዛ የሄደ ሰው ከኋላው ምን ዓይነት ቃል እንደሚወረወርበት ያውቃል። «ካልገዛህ ምን አስነካህ!» የሚለውን በገዛ ጆሮው ሰምቷል።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ሕጉ ያስከበረልን የመዳሰስን መብት ነው፤ አገላብጦ፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ፣ ካልወደዱት ጥሎ የመሄድን። ታዲያ ዕቃው በስልክ ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ፣ ሻጩም ስሙን ለራሱ ያወጣ የቴሌግራም ገጽ በሆነበት ገበያ ይህ መብት ወዴት ይሄዳል? ሸማቹን ልጠብቅ ያለ መንግሥት ገና ዳዴ የሚለውን ንግድ ቢያንቀው፣ ንግዱ ይደግ ብሎ ዝም ያለ መንግሥት ደግሞ ሸማቹን ቢያስበላው፣ ከሁለቱ በደሎች የትኛው ይከብዳል? ነገሩን የሕግ ዐዋቂዎችና የንግድ ምክር ቤቶች ጉዳይ ብቻ አድርገን ኖረናል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ለማያየውና ለማያውቀው ሰው ምን ያህል እውነት ዕዳ አለበት?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከደብረ ታቦር ገበያ መነሣት ይሻላል። ከጉና ግርጌ ድንችና ገብስ፣ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ከየቀበሌው ቅቤና ማር ይወጣበታል። እዚያ ገበያ ላይ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ቅቤ በጣት ጫፍ ተነክቶ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ማር ይቀመሳል። ገብሱ በመዳፍ ተዘግኖ እፍ ይባልበታል፣ አንዱ ፍሬ በጥርስ ይሰበርና ድርቀቱ ይለካል። በሬ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል፣ ወዲያና ወዲህ ተነድቶ አረማመዱ ይመረመራል። የማይታወቅ ሰው ከብት ሲሸጥ ደግሞ የተሰረቀ እንዳይሆን «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ ዋሱም የሚታወቅ፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው መሆን አለበት። ጣሳው ራሱ ክርክር አለው። ቂጡ ወደ ውስጥ የተጨፈለቀ ጣሳ ይዞ የሚሰፍር ነጋዴ መኖሩን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ነቃ ያለች ገዢ ከመሰፈሩ በፊት ጣሳውን ገልብጣ ታየዋለች። ሁሉም ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ «መርቂልኝ» አለ። በዕፍኝ የምትጨመረው ያቺ ምርቃት ልማድ ብቻ አትመስለኝም። ሰፋሪዋ በስፍሩ ላይ ያጎደለችው ካለ በዚያ ይካካሳል፤ ያላጎደለችም እንደሆነ ደንበኛ ታፈራበታለች።

አያቶቻችን ከገንዘቡም ጋር እንዲሁ ነበሩ። የማሪያ ቴሬዛ ብር በአገራችን ሲሠራበት በነበረበት ዘመን ገበሬው 1780 የሚለው ዓመት የተቀረጸበትን ብር ሲቀበል የእቴጌይቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ፈርጥ ነጠብጣብ እየተመለከተ፣ ፈርጡ የደበዘዘውን አልቀበልም ብሎ ይመልስ እንደነበር ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ጽፈውታል። ማንበብ የማይችል ሰው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተመታን ገንዘብ በገዛ ጣቱ ይመረምር ነበር። በዚያ ዘመን የሸማች ጥበቃ ባለሥልጣን አልነበረም። ባለሥልጣኑ ጣቱ ነበር።

ይህን የምለው የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። የድሮ ገበያ በቂ አታላይ ነበረው፤ የተጨፈለቀው ጣሳ ምስክር ነው። ለማለት የፈለግሁት ጥበቃው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ እንደነበረ ነው፤ ገዢና ሻጭ በአንድ ቦታ መገኘታቸው። ከዚህም በላይ ነገ እዚያው ቦታ መገናኘታቸው። በደራ ወረዳ፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ከሩቅ አገር ሰው ለመታጠብ፣ ሕመሙን ለማስታገሥ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ በቆሎና ቆሎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ምናልባት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው። ታዲያ ለምን አያታልለውም? አንዳንዱ ያታልላል። ብዙው ግን አያታልልም፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሻጭ ታየዋለችና፣ ታማሚውም ወደ ማረፊያው ሲመለስ «ከእገሌ አትግዙ» ይላልና። አላፊ አግዳሚ የሚበዛበት ገበያ እንኳ የሚታዘብ ዓይን አለው።

የስልኩ ገበያ ይህን ዓይን ነው ያወጣው።

አመጣጡ ፈጣን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ባንኮቹም በየስልኩ ውስጥ ገቡ። ቀድሞ አዲስ አበባ ያለውን ዕቃ ደብረ ታቦር ለማስመጣት ዘመድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ጣት ይበቃል። የቴሌግራም ቻናሎች፣ የፌስቡክ ገጾች፣ በቲክቶክ ጫማ እያገላበጡ የሚያሳዩ ወጣቶች በዙ። ሱቅ የላቸውም፤ ኪራይ የለባቸውም። ነፋስ መውጫ ላይ ያለች አስተማሪ መርካቶን ሳትረግጥ ከመርካቶ ትገዛለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የደጋ ሰው ለዘመናት ሦስተኛና አራተኛ እጅ የነካውን ዕቃ በአራተኛ እጅ ዋጋ ሲገዛ ኖሯልና፣ ይህን በር ዝጉት የሚለኝ ሰው ቢኖር አልስማማም።

ይሁንና ባለፈው ክረምት የጉና ብርድ ሲያስመርረኝ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ጃኬት አዘዝኩ። በሥዕሉ ላይ ውስጡ ባለ ጠጉር፣ ወፍራም፣ የሚያሞቅ ነበር። ገንዘቡን አስቀድሜ ላክሁ። ከአምስት ቀን በኋላ በአውቶቡስ የመጣልኝ ለዝናብም ለብርድም የማይሆን፣ ከኋላው ፀሐይ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ነበር። «ይህ አይደለም ያዘዝኩት» ብዬ ጻፍሁ። መልስ የለም። ደግሜ ብጽፍ ገጹ ለእኔ ተዘጋ። ብሩ አያደኸየኝም። ያበሸቀኝ ሌላ ነው። የት ልሂድ? የሻጩ አድራሻ «መገናኛ አካባቢ» ይላል። መገናኛ አካባቢ ስንት ሺህ ሰው እንዳለ አንባቢ ያውቀዋል። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአንድ ጃኬት ክስ የሚወጣው የመሳፈሪያ ገንዘብ ጃኬቱን ደጋግሞ ይገዛል። መብቴ በዐዋጅ ተጽፎልኛል፤ መብቴና እኔ ግን የምንኖረው በተለያየ ከተማ ነው።

በዚህ ሙቀት ብቻ ብጽፍ ኖሮ ጽሑፌ «መንግሥት እነዚህን ሌቦች ይቆጣጠርልን!» የሚል አቤቱታ ይሆን ነበር። ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን ግን ሌላውን ወገን ሳትሰማ አትጻፍ ብለው ጭንቅላታችን ላይ ቸክለውብናል። ሌላው ወገን ደግሞ ከቤቴ ሦስት በር አልፎ ይገኛል።

እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቅቤ ያነጥራሉ፣ በርበሬና ሽሮ ያዘጋጃሉ። ድሮ የሚሸጡት ለሰፈር ነበር። ልጃቸው በስልካቸው ላይ ቴሌግራም ከፈተችላቸውና አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ደንበኛ አገኙ። ከአገር ርቆ የሚኖር የጎንደር ልጅ የአገሩ በርበሬ ይናፍቀዋል። ዕቃው በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ረዳቱ ጥቂት ብር ይወስድና መናኸሪያ ላይ ለተቀባዩ ያስረክባል። የጃኬቱን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉኝ፦ «አንተን ሻጭ በላህ፤ እኔን ደግሞ ገዢ በልቶኛል። ገንዘቡ ገባ የሚል መልእክት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ አምኜ አምስት ኪሎ ቅቤ ላክሁ። ባንክ ብሄድ የገባ ነገር የለም። እኔንስ የሚጠብቅ ዐዋጅ የትኛው ነው?»

የሐሰት የክፍያ መልእክት ሠርቶ ሻጭን ማታለል በየከተማው የተለመደ ወንጀል ሆኗል። ወንጀል ስለሆነም የወንጀል ሕግ አለው። ነገር ግን የእትዬ ጥያቄ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ስለ ሸማች ጥበቃ ስናወራ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ ድኻ ገዢና ሀብታም ነጋዴ። በስልኩ ገበያ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ይገለበጣል። ገዢው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ባለ ደመወዝ ነው። ሻጯ ጭስ ያቃጠላት የባላገር ሴት ናት። ሕጉ ከማን ጎን ይቁም?

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስና አንድ የቆየ ክርክር ላንሣ። የሮማው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት «ስለ ግዴታዎች» በሚለው መጽሐፉ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያቀርባል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቷል፤ እህል በወርቅ ዋጋ ይሸጣል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። ይህ ነጋዴ ሌሎች እህል የጫኑ ብዙ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷል። ለሮድስ ሰዎች ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን ይሽጥ አለ፤ አልዋሸም፣ ዕቃውም እንከን የለበትም፤ የማውቀውን ሁሉ አለመናገር መደበቅ አይደለም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን መምህሩን ተቃወመ፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም የተፈጠርክ ሰው ሆነህ ለተራበ ሰው የሚጠቅመውን ዕውቀት እንዴት ትሸሽጋለህ አለው። ሲሴሮ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ቆመ።

ይህን ክርክር ሳነብ ወደ ቅቤው መጣሁ። ገበያ ላይ እትዬ ስለ ቅቤያቸው ምንም ባይናገሩ ዲዮጋን ልክ ነው፤ ገዢዋ አፍንጫ አላትና። ዝምታቸው ማንንም አይጎዳም። ያው ዝምታ ወደ ቴሌግራም ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሥዕል አይሸትም። ሻጭ ብቻ የሚያውቀው፣ ገዢ በምንም መንገድ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ይፈጠራል። እኔ እንደሚመስለኝ ገዢ ራሱ ሊመረምር በቻለ መጠን ሻጭ ዝም የማለት ነጻነት አለው፤ ገዢ ሊመረምር ባልቻለ መጠን ደግሞ የመናገር ዕዳ አለበት። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እውነቱም መጨመር ነበረበት። በእኛ ገበያ የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ በርቀቱ ልክ ድፍረቱ ጨመረ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ ላይ ያለው ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። በርቀት የገዛ ሰው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል፤ ገበያ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያገላብጠው የነበረውን ዕቃ አሁን ቤቱ ውስጥ ያገላብጠው እንደ ማለት ነው። ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ግን አይመለስም። (እትዬ ይህን ስነግራቸው «እነሱም ቅቤ ያውቃሉ ማለት ነው» ብለው ሳቁ።) የእኛም አገር ባዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 ስለ ሸማቾች ጥበቃ የሚናገር ክፍል አለው፤ ሻጭ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሸጥ በግልጽ እንዲናገር ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 መጣ። በወረቀት ደረጃ ድኻ ነን ለማለት አይቻልም።

ነገር ግን ወረቀቱን ሁሉ ደርድረን እትዬን በመካከሉ እናስቀምጣቸው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አለ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ አድራሻ አለ፣ በእንከን የተገኘ ዕቃ የሚመለስበት ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ሁሉም ባንድ ቀን እትዬ ላይ ቢጫኑ ግን ስልካቸውን ለልጃቸው መልሰው ወደ ሰፈር ገበያቸው ይገባሉ። መገናኛ አካባቢ ያለው ባለ ጃኬት ግን ነገ በሌላ ስም ሌላ ገጽ ይከፍታል። ሕግ የሚይዘው ለመያዝ የተዘጋጀውን ሰው ነው። ቤቱ የሚታወቅ፣ ስሙ እውነተኛ የሆነ፣ ጥሪ ሲደርሰው የሚቀርብ ሰው የወረቀቱን ሸክም ሁሉ ይሸከማል፤ ስም የሌለው ያመልጣል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ደግሞ ጠበቃና ሒሳብ ሠራተኛ ስላላቸው ሸክሙ አይከብዳቸውም፤ እንዲያውም ትንንሾቹን ስለሚያጠራላቸው በልባቸው ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ይህን ይዘው ነው «ንግዱን አትንኩት፣ መጀመሪያ ይደግ» የሚሉት የሚነሡት። ምሳሌአቸውም ኬንያ ናት። ኤምፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሕግ እስኪጻፍ ጠብቅ አላለውም፤ ሥራውን እያየ ፈቀደለት፣ ዝርዝሩ ሕግ ከዓመታት በኋላ መጣ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ተቆርጦ ነው የሚወራው። ያኔም ቢሆን የደንበኞቹ ገንዘብ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ በባንክ በአደራ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ኩባንያው ቢከስር እንኳ የገበሬው ሽልንግ አብሮ እንዳይሰምጥ ማለት ነው። ዙሪያው ልቅ ይሁን እንጂ እምብርቱ ተጠብቆ ነበር። ስለዚህ ከኬንያ መማር ካለብን ሕግ አያስፈልግም የሚለውን ሳይሆን የትኛው አስቀድሞ መጠበቅ እንዳለበት ለይቶ ማወቁን ነው።

«መጀመሪያ ይደግ» ባዮቹ የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ዓይነት ሥራው ነው። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ልንገረው። ገዢ ንጹሑን ቅቤ ከተቀላቀለው ለይቶ ማወቅ ካልቻለ ለንጹሕ ቅቤ የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ተቀላቅሎ ይሆናል ብሎ ይቀንሳል። በዚያ ዋጋ ንጹሕ ቅቤ መሸጥ አያዋጣምና ባለ ንጹሕ ቅቤዋ ከገበያ ትወጣለች። የቀረው ቅቤ ይባስ ይበላሻል፤ ገዢውም ይባስ ይቀንሳል። መጨረሻው ሙዝና ሞራ የተቀላቀለበት ቅቤ ብቻ የሚሸጥበት ገበያ ነው። እንግዲህ የሸማች ጥበቃ ጠላቱ ንግድ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ጥበቃ በሌለበት መጀመሪያ የሚሞተው እውነተኛው ነጋዴ ነው። እኔ ከዚያ ጃኬት በኋላ ከሌላ ሻጭ ሹራብ ልገዛ አስቤ ተውሁት። ያ ሌላ ሻጭ ምን አጠፋ? ምናልባት በአገሩ አንደኛ ሐቀኛ ሰው ነው። የባለ ጃኬቱን ዕዳ የከፈለው እሱ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ሸማች ወይስ ንግድ የሚል አይመስለኝም። ጥያቄው ሸክሙ የት ይረፍ የሚል ነው። በዚህ ላይ ቻይናዎች ያደረጉት አንድ ነገር ቀልቤን ስቦታል። ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕጋቸው ነጋዴ ሁሉ ይመዝገብ ካለ በኋላ፣ ያመረተውን የእርሻ ውጤት ወይም የቤት ውስጥ እደ ጥበብ የሚሸጥ ሰው፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ በትንሽ ገንዘብ የሚነግድ ሰው መመዝገብ የለበትም ይላል። እትዬ እዚያ ቢሆኑ ምናልባት ከወረቀቱ ነጻ ይወጡ ነበር። ከመዋሸት ግን ነጻ አይወጡም፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ከሕጉም ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ አሊፔይ የተባለው የክፍያ ዘዴ የተጀመረው ገዢና ሻጭ ስለማይተማመኑ ነበር፤ ገዢ ይከፍላል፣ ገንዘቡ በመካከለኛው እጅ ይቆያል፣ ዕቃው ደርሶ ገዢው ደረሰኝ ሲል ለሻጩ ይለቀቃል።

ይህን ሳነብ አዲስ ነገር አልመሰለኝም። ከብት ገበያው ላይ «ዋስ ጥራ» ማለት ምንድን ነው? መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ዕቃውን ይዞ «ክፈልና ውሰድ» ሲል ምን እያደረገ ነው? ሕዝቡ ሦስተኛውን እጅ ማንም ሳያስተምረው ፈጥሮታል። ገንዘቡን በየስልኩ የሚያመላልሱት ትልልቅ ድርጅቶች ይህን እጅ መሆን ይችላሉ፤ ገንዘቡም ኃይሉም የላኪና የተቀባይ ማንነትም በእጃቸው ነው። ሕግ አውጪ ብሆን የመጀመሪያዋን ከባድ ግዴታ የምጭነው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። ለሩቅ ግብይት የሚከፈል ገንዘብ ዕቃው እስኪደርስ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ በሐሰተኛ ስም ገጽ እየቀያየረ የሚሸጥ ሰው የሚቀበልበት ሒሳብ ግን እውነተኛ ስም አለውና ስሞታ ሲበዛበት ይያዝ። እትዬን ግን ቅቤያቸው የመቼ እንደሆነና ምን እንዳለበት እንዲናገሩ ብቻ ልጠይቃቸው። ድርጅቶቹ ወጪው ይበዛብናል፣ አገልግሎቱ ይዘገያል ይሉ ይሆናል። ሊዘገይ ይችላል። ዋስ ጠርቶ በሬ መሸጥም ከሰዓት በኋላውን ይፈጃል።

አቤት የሚባልበትን ደጃፍ በተመለከተ ብዙ አልልም። ዐዋጅ 813 ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አቋቁሞ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። ደጃፉ የማንም ይሁን የማን፣ ለጋይንት ሰው በስልኩ ካልደረሰ አይደርስም። በስልክ መበደል ከተቻለ በስልክ መክሰስ ለምን አይቻልም?

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ መስመሩ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ንግግር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። መንገዱም አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። እትዬ በዚያ ሰሞን ከአራት ሰዎች ገንዘብ አስቀድመው ተቀብለው ነበር። በርበሬው ተዘጋጅቶ በጆንያ ታስሮ በር ሥር ቆሟል። አውቶቡስ የለም። የሰዎቹን ስልክ ቁጥር አያውቁም፤ የሚያውቋቸው በቴሌግራም ስማቸው ነው፤ በባንክ የገባው ገንዘብም የላኪውን ስም እንጂ የሚደወልበትን ቁጥር አይናገርም። መስመሩ ሲመለስ ስልካቸው በመልእክት ተሞላ። «እባክዎ ምነው ዝም አሉ» ብሎ የጀመረው ሰው «ገንዘቤን መልሺ» ብሎ፣ ቀጥሎም «አንቺ ሌባ» ብሎ ጨርሷል። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረደበትን ቀን መልእክቱ ላይ ማየት ይቻላል። እትዬ በርበሬውን ጠብቀውት ነበር፤ አላወጡትም፣ አልሸጡትም። ለአራቱም ላኩ፤ የነቀዘውን ከራሳቸው ተኩ። አንደኛዋ ይቅርታ ጠየቀች። ሌላው ዕቃውን ወስዶ ምንም አላለም።

በሕግ ቋንቋ ይህ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ይባላል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያውቀዋል፤ ከኪሳራው ያድናል። ከስድቡ ግን አያድንም። ሸማች ከነጋዴ ስድብ ይጠበቃል ያለው አንቀጽ ነጋዴዋን ከሸማች ስድብ አልጠበቀም። ሦስተኛው እጅ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ እዚያ ይቆይ ነበር፤ አራቱም ሰዎች ገንዘባቸው እንዳልተበላ ያውቁ ነበር፤ የሃምሳ ዓመት ሴትም ሌባ አይባሉም ነበር። ገንዘቡ ቀርቶ ለዚህ ብቻ እንኳ ሕጉ የሚያስፈልግ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ገንዘብ አስቀድመው አይቀበሉም፤ የማያውቁትን ገዢም ዋስ ይጠይቁታል። «ደብረ ታቦር የሚያውቅህ ሰው ማን አለ?» ብለው ይጽፋሉ፤ ስም ሲላክላቸው በልጃቸው በኩል አጣርተው ዕቃውን ያሳፍራሉ። እስካሁን አልተታለሉም። ባለፈው ወር ከሐዋሳ አንዲት ሴት በርበሬና ሽሮ አዝዛ ዋስ ተጠየቀች። ጎንደርን አይታው አታውቅም፤ የቀመሰችው ጎረቤቷ ቤት ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም። እትዬ መልእክቱን አሳዩኝና ምን ይሻላል አሉኝ። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ «ይቅርታ እኅቴ፣ አልችልም» ብለው እንድጽፍላቸው ነገሩኝ።